ዳኛው ያውቅ ነበርን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከጁምዓ ሰላት ስወጣ አንዲት እናት በር ላይ ጠብቀው አነጋገሩኝ። መርካቶ በርበሬ እየቸረቸሩ ያሳደጉት አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ልጁ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገባ፤ እዚያው አግብቶ ሁለት ልጆች ወለደ። ዘጠኝ ዓመት ያህል በሰላም ከኖረ በኋላ ግን ከሚሠራበት መጋዘን ዕቃ ሰርቆ ተያዘ። እናትየው ይህን ሲነግሩኝ ነገሩን አልሸፋፈኑም። «ሰርቋል ኡስታዝ፣ ያሳደግኩት ልጅ ሌባ ሆነ» ነው ያሉኝ። ጠበቃው «ጥፋተኛ ነኝ በልና ቶሎ ጨርስ» አለው፤ እሱም አለ። ዳኛው የ12 ወር እስራት ፈረዱበትና እስራቱን በገደብ አድርገው ወደ ቤቱ ሰደዱት። አንድ ሌሊት እንኳ እስር ቤት አላደረም። እናቱ ይህን ሲሰሙ ሰደቃ አወጡ፤ ጎረቤት ሰብስበውም ዱዓ አስደረጉ።

ከአራት ዓመት በኋላ እናት ታመሙና ልጅ ሊጠይቃቸው መጣ። ሁለት ሳምንት አብሯቸው ሰንብቶ ሲመለስ ግን እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያዙት። ዛሬ የሚገኘው ከአገር የሚባረሩ ሰዎች በሚቆዩበት ማቆያ ውስጥ ነው። አዲስ የያዙት ጠበቃ መዝገቡን አይቶ የነገራቸው ነገር እናትየውን እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ያ አንድም ሌሊት ያልታሰረበት የ12 ወር ፍርድ በኢሚግሬሽን ሕግ ዘንድ እንደ «ከባድ ወንጀል» ተቆጥሯል። ዳኛው 12 ወር በማለት ፈንታ 364 ቀን ብለው ቢሆን ኖሮ ያ ስም አይለጠፍበትም ነበር፤ ቢያንስ የኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ቀርቦ የልጆቹንና የኑሮውን ነገር ተናግሮ ምሕረት መለመን ይችል ነበር። አሁን ያ በር ተዘግቷል።

እናትየው ይህን ሁሉ ነግረውኝ ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ያ ዳኛ ልጄን ከልጆቹ እንደሚለየው ያውቅ ነበር?» አሉኝ።

ለጊዜው የምመልሰው አልነበረኝም። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ብዙዎቻችን በባሕር ማዶ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያለን ስለሆንን፣ ደግሞም ነገሩ የፍትህን ሥር የሚነካ ስለሆነ፣ ዛሬ በዚህ ገጽ ላነሳው ወደድሁ።

በመጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ። በአሜሪካ በወንጀል የሚቀጣው ፍርድ ቤት ሌላ ነው፣ ከአገር የሚያስወጣው አካል ሌላ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የፍርዱ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ስርቆትንና የኃይል ድርጊትን፣ የተፈረደው ቅጣት አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ «ከባድ» ከሚላቸው ወንጀሎች ውስጥ ያስገባቸዋል። ከዚያ በፊት መለኪያው 5 ዓመት ነበር። ቅጣቱ በገደብ መሆኑ ምንም አይለውጥም፤ የሚታየው በወረቀት ላይ የሰፈረው ቁጥር ነው። በዚህ ስም የተባረረ ሰው የተለየ ፈቃድ ካላገኘ በቀር ዕድሜ ልኩን ወደዚያ አገር አይመለስም። ግሪን ካርዱም፣ እዚያ የተወለዱ ልጆቹም አያስጥሉትም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከ1917 ጀምሮ እስከ 1990 ድረስ ወንጀሉን የሰማው ዳኛ «ይህ ሰው ቅጣቱ ይበቃዋል፣ ከአገር አይባረር» ብሎ ማሳሰቢያ ከጻፈ፣ በብዙ ዓይነት ጥፋቶች ላይ ማሳሰቢያው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን የሚያስገድድ ነበር። ማለትም የሰውየውን ፊት ያየ፣ የተበደለውን ወገን ቃል የሰማ ዳኛ ስለ ሁለቱም ነገር ይናገር ነበር። በ1990 ያ ሥልጣን ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ዳኛው ቅጣቱን ይጽፋል፤ ቅጣቱ የሚያስከትለውን ስደት የሚያየው ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ ያም ሌላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ሕጉ እጄን አስሮታል» ይላል። እንግዲህ ሰው ከልጆቹ ሲለይ የፈረደበት ማን እንደሆነ የሚታወቅ አይመስልም!

በ2010 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሆዜ ፓዲላ በተባለ ሰው ጉዳይ ውሳኔ ሰጠ። ሰውየው ሆንዱራስ የተወለደ፣ በአሜሪካ ከ40 ዓመት በላይ በቋሚ ነዋሪነት የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ በአገሪቱ ጦር ውስጥ ያገለገለ ነበር። ማሪዋና ሲያጓጉዝ ተይዞ ጠበቃው «ብዙ ዓመት ስለኖርህ አትባረርም፣ አትስጋ» ስላለው ጥፋተኛ ነኝ አለ። ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ደንበኛውን ስለ መባረር አደጋ የማስጠንቀቅ ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አንዳንድ ስቴቶች ነገሩን በራሳቸው መንገድ አስተካክለዋል፤ ዋሽንግተን ስቴት በ2011፣ ካሊፎርኒያ በ2015፣ ኒውዮርክ በ2019 ለቀላል ወንጀሎች የሚሰጠውን ከፍተኛ ቅጣት ከአንድ ዓመት ወደ 364 ቀን አወረዱት። በአንድ ቀን! ወንጀለኛው ነፃ አልወጣም፣ የተበደለውም የጎደለበት ነገር የለም፤ ነገር ግን ያቺ አንድ ቀን ስንቱን አባት ከልጆቹ ጋር እንዳቆየች አላህ ያውቃል።

በካናዳ ደግሞ ጉዳዩ ለዳኞቹ ራሳቸው ቀረበ። ፋም የተባለ ትውልደ ቬትናም ሰው በዕፅ ወንጀል 2 ዓመት ተፈረደበት። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ 2 ዓመት የተፈረደበት የውጭ ዜጋ ከአገር ውጣ ሲባል ይግባኝ ማለት አይችልም ነበር። ይህን ፈራጁ ዳኛ አላወቁም፤ ማንም አልነገራቸውም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 ቅጣቱን 2 ዓመት ሲጎድል አንድ ቀን አደረገው። ያስቀመጠው መርሕም ግልጽ ነው፤ ዳኛ ቅጣት ሲወስን በኢሚግሬሽን በኩል የሚከተለውን ነገር ከሌሎች ሁኔታዎች ጋር ሊያየው ይችላል፣ ነገር ግን ቅጣቱ ለጥፋቱ ከሚገባው መጠን መውጣት የለበትም፣ ሕግ አውጪው የፈለገውን ለማምለጥ ተብሎ የሚሰጥ ሰው ሠራሽ ቅጣትም መሆን የለበትም። የሚገርመው፣ በዚያው በ2013 ፓርላማው መለኪያውን ከ2 ዓመት ወደ 6 ወር አወረደው። በ2025 ደግሞ ከተቃዋሚው ወግ አጥባቂ ፓርቲ በኩል ዳኞች ቅጣት ሲወስኑ የሰውየውን የኢሚግሬሽን ሁኔታ ጨርሶ እንዳያዩ የሚከለክል ረቂቅ ለፓርላማ ቀረበ።

የእነዚህን ሰዎች ክርክር ማቃለል ተገቢ አይደለም። የሚሉት ይህ ነው፦ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ወንጀል ሠሩ፤ አንዱ የአገሩ ተወላጅ ነው፣ አንዱ የውጭ ሰው ነው። ለውጭው ሰው እንዳይባረር ተብሎ ቅጣት ከተቀነሰለት፣ ተወላጁ «እኔ በአገሬ ለምን የበለጠ እቀጣለሁ?» አይልምን? ሕግስ ፊት አይቶ አዳላ አይባልምን?

እኛ ሙስሊሞች ይህን ክርክር ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። የመኽዙም ጎሣ የሆነችውን ያቺን ሴት አስታውሱ። ሰርቃ ተያዘች። የቁረይሽ ሰዎች የጎሣዋ ክብር አሳስቧቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሚወዱትን ኡሳማ ኢብን ዘይድን (ረ.ዐ) አማላጅ አድርገው ላኩ። ነቢዩ ተቆጡ። ቀደምት ሕዝቦች የጠፉት ታላቁ ሲሰርቅ እየተዉ ደካማውን ስለቀጡ መሆኑን ተናገሩ፤ የገዛ ልጃቸው ፋጢማ ብትሰርቅ እንኳ ፍርዱን እንደሚፈጽሙባት አስታወቁ። ይህ ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። እንግዲህ በፍርድ ፊት እኩልነት የኢስላም መሠረት ነው።

ነገር ግን ሐዲሱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የተወገዘው ለታላቁ ማዳላት ነው። የደካማውን ድካም ማየት አልተወገዘም። እንዲያውም አላህ (ሱ.ወ) ራሱ በሱረቱ ኒሳእ 25ኛው አንቀጽ ላይ ባሪያ የነበረችው ሴት ካገባች በኋላ ዝሙት ብትፈጽም የነፃዋን ሴት ቅጣት ግማሹን ብቻ እንድትቀጣ ደንግጓል። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ቅጣቱ ግን ግማሽ ሆነ። ለምን? ነፃዋ ሴት ያላት ወገን፣ ጥበቃና ክብር ለባሪያዋ ስላልነበራት ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለኝም። ስለዚህ የሰው ሕጋዊ ሁኔታ በቅጣት ሚዛን ላይ መግባቱ ከሸሪዓ ውጭ የሆነ እንግዳ ነገር አይደለም።

የቀደሙት ፉቀሃዎቻችንም ስለ ውጭው ሰው በቀጥታ ተነጋግረዋል። በአማን፣ ማለትም በደኅንነት ዋስትና ወደ ሙስሊሞች አገር የገባውን እንግዳ «ሙስተእሚን» ይሉታል። ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) የአላህ ሐቅ ብቻ የሆኑ ሑዱዶች፣ ለምሳሌ የስርቆትና የዝሙት ቅጣት፣ በዚህ እንግዳ ላይ አይፈጸሙም ይላሉ፤ የሰው ሐቅ የሆነውን ግን፣ ነፍስ ቢያጠፋ ወይም የሰው ስም ቢያጎድፍ፣ እንደማንኛውም ሰው ይጠየቅበታል። ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ ከአስካሪ መጠጥ በቀር ሁሉም ይፈጸምበታል ብለው ተከራክረዋቸዋል። እዚህ ላይ ማንኛቸው ትክክል ናቸው የሚለውን ለዑለማዎች እተወዋለሁ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በሐነፊ መዝሀብ ይህ እንግዳ አንድ ዓመት ሙሉ ከተቀመጠ የአገሩ ነዋሪ ሆኖ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ እንደ መንገደኛ አይታይም፣ ወደ መጣበት ተመለስም አይባልም። አንድ ዓመት! የዛሬው ሕግ 40 ዓመት የኖረውን እንግዳ ነህ ይላል።

አሁን ወደ ስደት ቅጣትነት እንምጣ። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገና በ1893 ከአገር ማባረር ለወንጀል የሚሰጥ ቅጣት አይደለም ብሎ ወስኗል፤ ያ አባባል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ዳኛው ስለማያየው ነገር «ይህ የኔ ሥራ አይደለም» እንዲል ያደረገውም ይኸው አስተሳሰብ ነው። ፉቀሃዎቻችን ግን ሰውን ከአገሩ ማራቅ፣ «ተግሪብ» የሚሉት፣ ቅጣት መሆኑን አልተጠራጠሩም። የተከራከሩት መቼና ለማን ይሁን በሚለው ላይ ነው። ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች ያላገባ ዝሙተኛ ከግርፋቱ በተጨማሪ አንድ ዓመት ይርቃል አሉ። ማሊኪዮች ወንዱን እንጂ ሴቷን አይሆንም አሉ፤ ብቻዋን ብትሰደድ ለባሰ አደጋ ትጋለጣለች ብለው። ሐነፊዮች ደግሞ ስደት የሐዱ አካል አይደለም፣ መሪው ጥቅም ካየበት ብቻ የሚወስደው እርምጃ ነው አሉ። ምክንያታቸውን አስተውሉ፤ ሰው ከቤተሰቡና ከሚያፍራቸው ሰዎች ሲርቅ ከጥፋት የሚመልሰው ሐፍረት ይለቀዋል፣ ስለዚህ ስደቱ ወደ ጥፋት በር ይከፍትበታል አሉ።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ረቢዓ ኢብን ኡመያ የተባለውን ሰው በመጠጥ ምክንያት ወደ ኸይበር እንዳራቁት ተዘግቧል። ሰውየው ከዚያ ተነስቶ ወደ ሮሙ ንጉሥ ወደ ሂረቅል ኮበለለ፤ ሃይማኖቱንም ለወጠ። ዑመር ይህን ሲሰሙ ከዚህ በኋላ ሙስሊምን አላርቅም አሉ። ዑመር የሐዱን ሕግ አልጣሉም፤ የወሰኑት ውሳኔ በሰውየው ላይ ያመጣውን ተከትለው አዩ እንጂ። ፈርደው ፊታቸውን አላዞሩም። ያየሁትን አይቻለሁ፣ ሁለተኛ አልደግመውም አሉ። እውነተኛ ዳኛ ማለት ይህ ነው።

«ነገር ግን ይኼ ወደ ገዛ አገሩ ነው የሚመለሰው፣ ምን ስደት አለው?» የሚል ሊኖር ይችላል። ለአንዳንዱ ሰው እውነት ነው፤ ሁለት ዓመት ኖሮ የሚመለስ ጎልማሳ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። በሦስት ዓመቱ ሄዶ አማርኛ የማይሰማ፣ ቦሌ ሲወርድ የሚያውቀው ሰው የሌለውስ? ልጆቹ እዚያ የቀሩበትስ? ለዚህ ነው ሁሉንም በአንድ ቁጥር መለካት ልክ የማይሆነው፤ ለዚህም ነው ሚዛኑ የሰውየውን ሁኔታ ባየ ዳኛ እጅ መሆን ያለበት። አንድ አገር ማን በውስጡ እንደሚኖር የመወሰን መብት እንዳለው አልክድም። እኔ የምለው፣ የሚወስነው ሰው እያወቀ ይወስን ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዳኞች ሦስት ዓይነት መሆናቸውን፣ ከነሱም አንዱ ብቻ ጀነት እንደሚገባ አስተምረዋል። እውነቱን አውቆ በእውነቱ የፈረደው ይድናል። አውቆ የበደለው እሳት ይገባል። ሦስተኛው ሳያውቅ የፈረደው ነው፤ እሱም ከእሳት ሰዎች ነው። አቡ ዳውድና ሌሎችም የዘገቡት ይህ ሐዲስ ሁልጊዜ የሚያስፈራኝ ስለ ሦስተኛው ነው። ክፋት የለበትም። ጉቦ አልበላም። የጎደለው ማወቅ ብቻ ነው። 12 ወር ብሎ የጻፈው እጅ 364 ቀን ብሎ ቢጽፍ የሚመጣውን ልዩነት ሳያውቅ ከጻፈ፣ በእርግጥ የፈረደው ስለ ስርቆቱ ነውን? ለስርቆቱ ያሰበለት ቅጣት እኮ ወደ ቤትህ ግባ ነበር!

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ካልተናገርሁ አማናዬን አጉድያለሁ። ይህ ንግግር ለወንጀለኛ ከለላ መፈለጊያ እንዳይሆን። በሱረቱ ኒሳእ ከ105ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያለው የወረደበትን ምክንያት ሙፈሲሮች ነግረውናል። ከመዲና ሰዎች አንዱ ጥሩር ሰርቆ ጥፋቱ በአንድ አይሁዳዊ ላይ እንዲላከክ ተደረገ፤ ዘመዶቹም ለእሱ ወግነው መጡ። አላህም መልእክተኛውን ለከዳተኞች ተከራካሪ እንዳይሆኑ አስጠነቀቃቸው፤ አይሁዳዊው ነፃ ወጣ፣ «የኛ» የተባለው ሰው ተጋለጠ። እኛም ልጃችን ስለሆነ፣ ሐበሻ ስለሆነ፣ ሙስሊም ስለሆነ ብቻ ብንሟገት ቁርኣን የወቀሰውን ሥራ ሠራን ማለት ነው። ሴት የደፈረ፣ ነፍስ ያጠፋ፣ ልጆችን በዕፅ ያበላሸ ሰው «እባረራለሁ» ብሎ ቅጣት ይቀነስልኝ ቢል የተበደለችው ሴት ወይም የሟች እናት ፊት ምን ብለን እንቆማለን? አቡ ሐኒፋ እንኳ ለእንግዳው ብዙ ሲያቀሉ የሰውን ሐቅ አልነኩም።

ሁኔታን ማየት ራሱ ሊበላሽ እንደሚችልም እወቁ። ታላቁ የሐነፊ ፈቂህ ካሳኒ በተዕዚር፣ ማለትም መጠኑ ለዳኛ በተተወ ቅጣት ላይ ሰዎችን በደረጃ ይከፍላሉ፤ ለታላላቆቹ ቃል ብቻ ይበቃል፣ ለመካከለኞቹ እስር ይጨመራል፣ ለዝቅተኛው ዱላ። እውነቱን ለመናገር ይህን ስነብ ልቤ አይቀበለውም፤ የመኽዙሟ ሴት ሐዲስ ይመጣብኛል። የሰውየውን ሁኔታ እንይ የሚለው በር ባለፀጋና ጎበዝ ጠበቃ ያለው ብቻ የሚገባበት ከሆነ ባይከፈት ይሻላል። አሁንም በአሜሪካ 364 ቀን እንዲጻፍለት የሚያስታውስ ጠበቃ የሚያገኘው ገንዘብ ያለው እንደሆነ ሁላችሁም ትገምታላችሁ።

ስለ አመክሮ ጥቂት ልበል። በኛ አገር በ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ (ቁጥሩ ከአሜሪካው ጋር ቢገጥምም ዘመኑ ሌላ ነው) እስረኛ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲፈጽም ጠባዩ መታረሙ ታይቶ በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል። የአመክሮ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ሰውየው ተመልሷል ወይ ብሎ መጠየቅ። ቁርኣንም ስለ ቅጣት በተናገረባቸው ብዙ ቦታዎች ወዲያው የተጸጸቱትንና ሥራቸውን ያሳመሩትን ለይቶ ያወጣቸዋል። የተውባ በር ለዜጋ ብቻ የተከፈተ አይደለም።

በምዕራቡ ዓለም ግን የውጭ ሰው ሲሆን ጥያቄው ይለወጣል። በካናዳ ከአገር ውጣ የተባለ እስረኛ ሌሎች ቀደም ብለው የሚያገኙትን የቀን አመክሮ አያገኝም፣ የሙሉ አመክሮው ጊዜ እስኪደርስ ይጠብቃል። በአሜሪካ በ2018 በወጣው ሕግ የፌዴራል እስረኞች ትምህርትና ሥልጠና ሲከታተሉ የሚቀነስላቸው ጊዜ አለ፤ የመጨረሻ የመባረር ትእዛዝ ያለበት እስረኛ ግን ቢማርም ያ ጊዜ አይታሰብለትም። በተቃራኒው ኒውዮርክ «ለመባረር ብቻ» የሚሰጥ አመክሮ አላት፤ ሰውየው የሚለቀቀው ለኢሚግሬሽን ተላልፎ ከአገር እንዲወጣ ነው። እንግሊዝም የውጭ ዜጋን ቅጣቱን ሳይጨርስ የምታስወጣበት አሠራር አላት። አንዱ ጋ እንግዳ በመሆኑ ይቆያል፣ ሌላው ጋ እንግዳ በመሆኑ ቶሎ ይወጣል። በሁለቱም ዘንድ ተመልሷል ወይ የሚለው ጥያቄ ተረስቷል። ሳይታረም ከኛ ይውጣ ብቻ ተብሎ አውሮፕላን ላይ የተጫነ አደገኛ ሰው የሚወርድበት አገርም ሰው የሚኖርበት ነው። የተበደለው ወገንም አጥፊው ቅጣቱን ሳይጨርስ ሲሄድ እያየ ሐቄ ተከበረ አይልም።

እኛስ? በሱረቱ ኒሳእ 135ኛው አንቀጽ በራሳችሁም ላይ ቢሆን ለፍትህ ቁሙ ተብለናል። ከጎረቤት አገር ተሰዶ በሰፈራችን የተጠጋ ሰው የሱቅ ዕቃ ሰርቆ ቢያዝ «ዳኛው የልጆቹን ነገር ይይለት» እንላለን ወይስ «ድሮም እነዚህ ሰዎች» እንላለን? ለልጃችን የምንፈልገውን ሚዛን ለእሱ ካልፈለግን የምንጠይቀው ፍትህ አይደለም። ተባርረው ለሚመለሱትም ያለን ፊት እንደዚሁ ነው። ቦሌ ደርሶ በዘመድ ቤት የተጠጋውን ልጅ «ዲፖርት የተደረገው» ብለን ስም ስናወጣለት፣ ማንም ሥራ ሳይሰጠው ሲቀር፣ በሕግ ያልተጻፈ ሦስተኛ ቅጣት ጨመርንበት። ሐነፊዮች ያሉት ሐፍረት የሚጠብቀው ወገን እኮ እኛ ነን።

በባሕር ማዶ ላሉትም አንድ ምክር አለኝ። ዘመድ ሲከሰስ «ጥፋተኛ ነኝ በልና ውጣ» እያልን በስልክ የምንመክረው ብዙ ነን። በአሜሪካ የውጭ ዜጋ ከዚያ በፊት ይህ ፍርድ ያስባርረኛል ወይ ብሎ ጠበቃውን የመጠየቅ፣ በደንብ የማይሰማ ከሆነም በአስተርጓሚ የመስማት መብት አለው። ከተፈረደ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። በ2019 የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጠው ውሳኔ ከመባረር ለማዳን ተብሎ ብቻ በኋላ የተቀነሰ ቅጣት በኢሚግሬሽን ዘንድ እንዳልተቀነሰ ይቆጠራል ተብሏል፤ የሚረዳው በፍርዱ ሂደት ላይ የሕግ ጉድለት መኖሩ ከተረጋገጠ ነው።

የእኒያ እናት ልጅ አዲሱ ጠበቃም የያዘው መንገድ ይኸው ነው። የፊተኛው ጠበቃ ስለ መባረር አንድ ቃል አልነገረውም ብሎ አመልክቷል። ባለፈው ጁምዓ እናትየው ደግመው መጡ። ዳኛው ያውቅ እንደሆነ እኔም እንደማላውቅ ነገርኋቸው። ቀጥዬ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፤ «እማማ፣ የተሰረቀው ዕቃ ለባለቤቱ ተከፍሏል?» አልኋቸው። ለጊዜው ዝም አሉ። በማግስቱ ከልጃቸው ጋር በስልክ ተነጋግረው ኖሮ ሰው ላኩብኝ። ከደመወዙ በየወሩ ሲከፍል ቆይቶ ከመታሰሩ በፊት የቀረው ሲሶው ነው አሉ። እሱን ለመላክ አምባራቸውን ወርቅ ቤት አስመዝነዋል።

ወሏሁ አዕለም።